አልጋ ሥር የምትገባው ልጅ

ደምሰው ልጁን ማህደርን በክንዷ እየጎተተ ጠበሉ ዘንድ ሲደርስ ቁጣው ገና አልበረደለትም ነበር። ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ እየገፈተረ አልፎ አጥማቂው ቄስ ፊት አቆማት።

«አባ፣ ይቺን ልጅ የሆነ ነገር ይዟታል፤ ያስለቅቁልኝ። ከሥራ ስገባ ሮጣ አልጋ ሥር ትገባለች። ለፍቼ አብስዬ ባቀርብላት አትበላም፤ ብጠራት አትሰማም። ከአቅሜ በላይ ሆነችብኝ።»

«ስምሽ ማነው፣ የኔ እናት?» አሏት ቄሱ ጎንበስ ብለው።

ገና አፏን ሳትከፍት ደምሰው፣ «አንቺ፣ አባ ሲጠይቁሽ አትመልሺም?» ብሎ አምባረቀባት። ማህደር ዘላ ቄሱ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

ቄሱ አባትየውን ጥቂት አዩትና በጆግ ጠበል ቀዱ። ከዚያም ከነጃኬቱ አናቱ ላይ ቸለሱበት።

«ምን ማለትዎ ነው? የታመመችው እኮ እሷ ናት» ብሎ ሲጮህባቸው መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳረፉና፣ ሰው ላይ ያደረ ክፉ መንፈስ እንደሚጠየቀው ጠየቁ።

«መቼ ነው የያዝከው?»

ደምሰው ሊሳደብ አፉን ከፈተ። ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ቀሚሱ ውስጥ የተሸጎጠችውን ልጁን አያት።

«እናቷን የቀበርን ቀን» አለ።