በጣት ያለቁ ጣቢያዎች

የጥርስ ሐኪሙ ጫማውን አውልቆ፣ ወለሉ ላይ በተዘረጉት ካርታዎች መካከል በእግሩ ጣቶች ጫፍ ይራመዳል። ያን የሚያህል ሰውነት ይዞ አንዱንም አለመርገጡ ይገርመኛል። የከተማው ባቡር ሥራ ከጀመረ ወዲህ የወጡት የመስመር ካርታዎች፣ እትም በእትም፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ተደርድረዋል። የባለቤቴ የዕድሜ ልክ ልፋት ነው። ዛሬ ሁሉም ማዕከላዊው ጣቢያ ውስጥ ወደተከፈተው የኤግዚቢሽን ክፍል ይሄዳሉ። ደውዬ ውሰድልኝ ያልኩት እኔው ነኝ።

«አንድም አያስቀሩም፣ እትዬ?» ይለኛል ደግሞ።

«አንድም።»

ልጄም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ በዚህ ክፍል አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር በሩን እዘጋለሁ፤ ባዶ ከሆነ የምተወው ይመስለኛል። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ሐኪሙ የባለቤቴ የካርታ ጓደኛ ነው። አዲስ እትም በሚለጠፍበት ማለዳ ሁለቱም ሥራቸውን ጥለው፣ አሮጌውን ከሚገነጥሉት ሠራተኞች እጅ ለመቀበል ይሽቀዳደሙ ነበር። አንድ ጊዜ ሐኪሙ ወንበር ላይ የተቀመጠ ታካሚ አፉን እንደከፈተ ትቶት ሄዷል። ባለቤቴ ይህን ሲያወራ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር።

አሁን በጉልበቱ ተንበርክኮ አንዱን ያሳየኛል። ወደፊት ሊሠራ ታስቦ በነጠብጣብ የተሳለ መስመር አለበት። በየእትሙ ነጠብጣብ እንደሆነ ከርሞ፣ በኋላ ድራሹ ጠፋ ይለኛል።

«ጋሼ ምን ይሉኝ ነበር መሰለዎት? ይሄ መስመር ያንተን ሠርግ ይመስላል።»

እስቃለሁ። ዛሬ የምስቅ አልመሰለኝም ነበር።

የተበላሹትን ለብቻ ለይቼ በሩ አጠገብ ከምሬያቸዋለሁ፤ ሊጣሉ። ሐኪሙ ክምሩን ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል። አንዱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ይዞ ይሄድና በእጁ ይጠራኛል። ቀዩ መስመር መሃል ላይ አንድ ጣቢያ የለም፤ ስሙም ነጥቡም ተፍቆ ወረቀቱ ነጭ ሆኗል። እኔ እርጅና መስሎኝ ነበር። ሰው ካርታ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚነካው ራሱ ያለበትን ቦታ ነው ብሎ ያስረዳኛል፤ እዚህ ነኝ ይልና ከዚያ መንገዱን ይፈልጋል። ስለዚህ ጣት እየነካካ የጨረሰው ጣቢያ፣ ካርታው የተሰቀለበት ጣቢያ ነው። ይህኛው የተሰቀለው ገበያ ነበር። ያኛው ሆስፒታል።

«ንጹሑን ማንም ይሰበስባል» ይላል። «ጋሼ ግን የሰው እጅ ያረፈበትን ነበር የሚመርጡት።»

ሁልጊዜ ሲያሳየኝ የነበረው ቀለሙን፣ የመስመሩን መታጠፊያ፣ ስሙ የተለወጠውን ጣቢያ ነበር። ይህን ምናልባት የነገረኝ መስሎት ይሆናል፤ ወይም ነግሮኝ፣ እኔ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ሳልሰማ እሺ ብዬዋለሁ። ክምሩን አንድ በአንድ አነሳለሁ። ስታዲየም። ወፍጮ ቤት። አሮጌው ድልድይ። በእያንዳንዱ ነጭ ቦታ ላይ የሥራ ሰዓት የረፈደበት፣ ሕፃን ያቀፈ፣ ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ይታየኛል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሕዝብ ጠቅልሎ ቤቴ አስገብቶ፣ አንድ ቀን እንኳ ጠበበኝ አላልኩም። እንዴት ያለ ዓይን ነበረው።

ሐኪሙ የመጨረሻውን ይዘረጋል።

«ይሄ ከኮሌጅ ጣቢያ የመጣ ነው» ይላል ሳያመነታ። በአረንጓዴው መስመር ጫፍ ላይ ኮሌጅ የሚለው ስም አልቋል። ወዲያው ግንባሩን ይቋጥራል። «ግን እንግዳ ነገር ነው። መስመሩ ራሱ ደብዝዟል። ሰው ጣቢያ ቆሞ ይሄን ሁሉ መንገድ በጣቱ አይሄድም።»

ከኮሌጅ ጣቢያ አልመጣም። ባለቤቴ ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ ገና ቀለሙ የሚሸት አዲስ ካርታ እዚሁ ኮሪደራችን ውስጥ፣ ስልኩ አጠገብ ሲሰቅል አይቻለሁ። ትናንት ከግድግዳው ያወረድኩትም እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን ኮሌጅ የማታ ተማሪዎች አስተምር ነበር። ስጨርስ ከጣቢያው እደውልለትና «ተሳፈርኩ» ብቻ ብዬ እዘጋለሁ። ቤት ስደርስ የውጭው በር ሳላንኳኳ ተከፍቶ፣ እሱ ሹራቡን ደርቦ ቆሞ አገኘዋለሁ። ኮቴዬን ከሩቅ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር። አቤት ጆሮህ እለዋለሁ። አይክድም ነበር።

ሐኪሙ ካርታውን መጠቅለል ይጀምራል።

«እሱ ይቅር» እለዋለሁ። ድምፄ ደህና ነው። «በጣም ተጎድቷል።»

ቀና ብሎ ያየኛል። ውበታቸው ጉዳታቸው ነው ሲለኝ የዋለ ሰው ነው። ዓይኑ በተከፈተው በር አልፎ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ወደቀሩት ምስማሮች ይሄዳል፤ እዚያ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ጥቅሉን በሁለት እጁ ያቀብለኛል።

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» ይላል። «ይሄ ለኤግዚቢሽን አይሆንም።»

ሐኪሙ ጫማውን ሲያስር እኔ ካርታውን ወደ ምስማሮቹ እመልሳለሁ። ኮሌጅ በነበረበት ነጭ ቦታ ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ፤ በደበዘዘው መስመርም ወደ ቤት እመጣለሁ። ወፍጮ ቤትን አልፋለሁ፤ ድልድዩን አልፋለሁ። ከቤታችን አንድ ጣቢያ ሲቀር፣ አረንጓዴው ማንም እንዳልነካው ሆኖ እንደ አዲስ ይደምቃል። ባለቤቴ በየማታው እዚያ ላይ ጣቱን አንስቶ በር ሊከፍትልኝ ወጥቷል።