ከመስታወቱ ማዶ

«ሲክስተን በሉሲያ ሰልፍ ከወንዶቹ ጋር ይሁን የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለች ርዕሰ መምህሯ በአስተማሪዎቹ ስብሰባ ላይ፣ ሰዓቷን እያየች። ሰልፉ በየታኅሣሡ አንዲት ልጃገረድ ነጭ ቀሚስ ለብሳና የሻማ አክሊል ደፍታ እንደ ቅድስት ሉሲያ የምትመራው የትምህርት ቤቱ በዓል ነው። የሙዚቃ አስተማሪዋ ኡልሪካ እጇን አወጣች። ልጁ ሲወለድ ሴት ተብሎ ቢመዘገብም ወንድ ነኝ ካለ ሁለት ዓመት እንደሆነው፣ የለመናትም ነጩን የሴቶች ቀሚስ ትቶ እንደ ወንዶቹ ባለኮከብ ሹል ቆብ ማድረግ ብቻ እንደሆነ ስትከራከር ነው የዋለችው። የስፖርት አስተማሪው «እንደዚያማ ከሆነ እኔም መላጣዬ ላይ ሻማ ደርድሬ ሉሲያ ልሁና!» ብሎ ሁሉንም በሳቅ ፈጅቷቸው ነበር።

ኡልሪካ ዙሪያዋን ቃኘች። ጠዋት ፎቶ ኮፒው ጋ ትከሻዋን ጨብጣ «አይዞሽ፣ ካንቺ ጋር ነኝ» ያለቻት የሒሳብ አስተማሪ፣ ከዳቦዋ ላይ ዘቢቡን በጥፍሯ ትፈለቅቅ ነበር። ትናንት «ልክ ነሽ» ብሎ መልእክት የላከላት የታሪክ አስተማሪም አንገቱን ደፍቶ ስኳር ያልገባበት ቡናውን ያማስላል። ሌላ እጅ አልወጣም።

«አንድ» አለች ርዕሰ መምህሯ፣ ጻፈችም።

ኡልሪካ እጇን ልታወርድ ስትል፣ በመስታወቱ ግድግዳ በኩል ሲክስተንን አየችው። ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጦ ከወርቃማ ወረቀት ኮከብ እየቆረጠ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑ ከፍ ያለው እጇ ላይ አረፈ። ሰላም ያለችው መሰለው። ፊቱ በራ፤ መቀሱን አስቀምጦ እጁን አውለበለበላት።

«ኡልሪካ፣ ቆጥሬሻለሁ እኮ፤ አውርጂው» አለች ርዕሰ መምህሯ።

አላወረደችውም። እያውለበለበችለት ነበር።