የአስቻለው ፍሬን

እትዬ አያልነሽ አዲሱን የፍሬን ዲስክ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ገበያ ወጥተው እንስራ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት።

«ይኼኛው ድምፁ ደህና ነው። ፎርጅድ አይደለም?»

«ኧረ እትዬ፣ በድምፅ አይለይም» አለ መካኒኩ እምሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

በድምፅም ይሁን በሌላ፣ ሳይለዩ ላይመለሱ ነው የመጡት። ጀማ ድልድይ አጠገብ ያለችውን ሻይ ቤታቸውን ዘግተው፣ ልጃቸው አስቻለው በሚነዳው ሚኒባስ ዓለም ከተማ ድረስ የወጡት ለዚሁ ነው። የፊት ጎማዎቹ ዲስክ ዘንድሮ ብቻ ሁለት ጊዜ ተቀይሮ፣ ይኸው ሦስተኛው ነው። በእሳቸው ቤት ነጋዴዎቹ የዋህ ልጃቸውን የማይረባ ዕቃ እያስታቀፉት ነው። ባለቤታቸው ቴዎፍሎስ ወደ ድልድዩ በሚወርደው ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል ከገባ ወዲህ ፍሬን የሚባል ነገር እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ያ መንገድ ልጄንም ይወስድብኛል እያሉ ይፈራሉ።

አስቻለው ገና ከጠዋቱ አኩርፏል። «ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ፣ ጭቃው አይቻልም» ሲል ነው ያረፈደው። አሁንም ጋራዡ በር ላይ ቆሞ የሚያካፋውን ዝናብ ያያል። ከተማውን ጭጋግ ውጦታል፤ ከበሩ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም።

እምሩ ሁለት ዓይነት ዲስክ አጠገብ ላጠገብ አስቀመጠ። አንዱ ወፍራምና ድፍን ነው፤ ሌላው ፊቱ ሁሉ በቀዳዳ የተበሳሳ።

«ይኼ ባለ ቀዳዳው ለእንደዚህ ያለ ቁልቁለት የሚሆን ነው፤ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ከሱ ጋር ለስለስ ያለውን የፍሬን ሸራ ነው የማስርለት። ጠንካራው ሸራ ዲስኩን ይበላዋል።»

«እንግዲያው እሱን እሰርለታ!»

«እሱን ነበር የምልዎ። ግን…» እምሩ የተፈታውን አሮጌ ዲስክ ከመሬት አንስቶ በጨርቅ ወለወለው። ከመሀሉ እስከ ጠርዙ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ወጥተውበታል። «ይዩት። ይኼ የፎርጅድ ሥራ አይደለም። ቁልቁለቱን ሲወርድ እሳት የሆነን ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኘው ነው እንዲህ የሚሆን። ሰው ውኃ እየደፋበት ነው። በፊትም ለአስቻለው ነግሬዋለሁ፤ የሚሰማኝ አጣሁ። የሚደፋበት ካለ ደግሞ ባለ ቀዳዳውን አልገጥምም፣ እሱ ጭራሽ ቶሎ ነው የሚሰነጠቅ።»

«እኔ ነኝ» አለ አስቻለው ፊቱን ሳያዞር። «የምደፋው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አልደፋም። ባለ ቀዳዳውን ግጠም።»

እትዬ አያልነሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ውሸቱን ነው። የሚደፉት እሳቸው ናቸው። የሚደፉትም ተራ ውኃ አይደለም፤ ከወንዙ በላይ ካለው ከሚካኤል ጠበል በጀሪካን የሚያስመጡት ነው። አስቻለው የተቃጠለ ሸራ እየሸተተ ቁልቁለቱን ጨርሶ ድልድዩ ጋ ሲቆም፣ ተሳፋሪው ሻይ እስኪል እሳቸው የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ያጠምቃሉ። ብረቱ ጭስስ ብሎ ሲተን «ይኸው፣ ሰይጣኑ ወጣ!» ብለው ከልባቸው ይስቃሉ። ተሳፋሪውም አሜን ይላል።

ልማዱ ደግሞ የተጀመረው በአስቻለው አይደለም። ከእሱ በፊት የአባቱን ጎማ ሲያጠምቁ ኖረዋል።

«እምሩ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የባለቤቴ መኪና ከገደል ሲወጣ አብረህ ነበርክ አይደል? የእሱስ ዲስክ እንዴት ሆኖ ነበር?»

እምሩ ምንም አልጠረጠረም። «ለሁለት ተከፍሎ ነበር እንጂ እትዬ። ይኼ የውኃ ሥራ ነው ብዬ ያኔውኑ ለአስቻለው ነግሬው—»

«ዝም በል እምሩ!»

አስቻለው ዞሯል። ፊቱ አመድ መስሏል። እትዬ አያልነሽ ያን ፊት አዩና ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ያውቃል። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያውቃል። እያወቀ ድልድዩ ጋ ይቆምላቸዋል፤ እያወቀ «አጥምቂልኝ» ይላቸዋል፤ ከዚያ በተሰነጠቀ ብረት ገደል ለገደል ይመላለሳል። ያን ሁሉ የሰው ልጅ ጭኖ!

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ አስቻለው።

«አትድፊ ብትለኝ ምን ነበረበት? ጎማው ይበላሻል ብትለኝ፣ ምንም ብትለኝ እተው አልነበር?»

«ለምን ማለትሽ አይቀርማ። ለምን ካልሽ ደግሞ አባዬ ጋ መድረሳችን ነው» አለ አስቻለው። «እማዬ፣ ከአባዬ ወዲህ ስትስቂ የማይሽ ያኔ ብቻ ነው።»

እምሩ የሚገባበት ጠፋው። ዲስኮቹን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጣቸው፣ እጁን ልብሱ ላይ ጠረገ። «የትኛውን ልግጠም እትዬ?» አለ።

«ባለ ቀዳዳውን» አሉ። «ከእንግዲህ የሚደፋበት የለም።»

አስቻለው ጠጋ ብሎ እጃቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። እትዬ አያልነሽ ግን ወደኋላ አሉና፣ ልጃቸው እንዳይነካቸው፣ ጠበሉን ሲደፉ የኖሩትን ሁለቱንም እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።