የመርዕድ እርሾ

አስካለ እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሣችና ከእርጎው ማሰሮ አንድ ጠብታ ወስዳ ስላይድ ላይ ቀባች። ትናንት በሽታ ለማጥፋት የተለቀቀው፣ ረቂቅ ተሕዋስያንን ሁሉ የሚያሟሟው ብርሃን በሰፈሩ ሲያልፍ እንዳያገኘው ማሰሮውን በሟች ባሏ በመርዕድ የላቦራቶሪ ገዋን ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቃው ነበር። ማታ አዲስ ወተት ጨመረችበት። ከሠርጋቸው ጀምሮ ከየማሰሮው ጥቂት እያስቀረ እርሾውን ያቆየው መርዕድ ነው።

ጠብታው ሲደርቅ ስላይዱን ሦስት ጊዜ በእሳት ላይ አሳለፈችው። ላቦራቶሪ ውስጥ አብረው ሲሠሩ መርዕድ "ቀስ በይ፣ ተሕዋስያኑን እንዳትጠብሻቸው!" ይላት ነበር። ተሕዋስያኑን አቅልሞ የሚያሳየውን ሐምራዊ ቀለም ስላይዱ ላይ አፍስሳ አጠበችው።

"አስኩ፣ ዛሬም ጣትሽን ቀለም ውስጥ ነከርሽው?" አለች ጎረቤቷ ብዙነሽ ከበሩ ላይ። "በሽታው እንደሆነ ጠፍቷል፤ አርፈሽ አትቀመጪም?"

አስካለ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸችው።

"ምን አየሽ ታዲያ?"

"ንጹሕ ነው" አለች።

ማሰሮው ውስጥ ያለው ወተት ብቻ ነው። የመርዕድ እርሾ የለም።