መመለሻው መቼ ይሁን?

ክረምቱ ሊወጣ፣ በዓሉም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀር፣ ልብስ ሰፊዋ በአንድ እጇ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አማቷን እግር እያሸች፣ በሌላው ስልኳን ይዛ የአውሮፕላን ቲኬት ትቆርጥ ነበር። ውጭ አገር ያለ ባሏን ካየችው አራት ዓመት ሆኗታል። ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ ድካሟ ግን ደስታዋን ቀደመው።

«መመለሻውስ መቼ ይሁን?» አለች ቲኬት ሻጯ፤ ድምጿ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል።

አሮጊቷ ዓይናቸውን እንደከደኑ፣ «መመለሻ አትቁረጪ» አሉ። «ባልሽ ዘንድ ቅሪ። እኔን ልጄ መጥታ ታየኛለች።»

ልጃቸው ክረምቱን ሙሉ ብቅ አላለችም።

«በአሥራ አምስተኛው ቀን» አለች ልብስ ሰፊዋ በስልኩ።

«አይ ሞኝ!» አሉ አማቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እያዞሩ። እጃቸው ግን የቀሚሷን ጫፍ ጨብጦ ነበር፤ ቶሎም አልለቀቀውም።