ለመመታት መወርወር

ሊሳንድሮ ወረወረ፤ ዮርማን መታ። እንደገና ወረወረ፤ እንደገና መታ። ኳሷ ከቤዝቦል ሜዳው አጥር በላይ አልፋ የሸንኮራ አገዳ መኪኖች የሚያልፉበት መንገድ ላይ ወደቀች።

"እንዲህ ነው እንጂ!" አለ ዮርማን፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። "አንተ ሽማግሌ፣ ዘንድሮ እጅህ ማር ሆኗል! አምና እንዲህ ብትወረውርልኝ ኖሮ ይሄኔ ቪላዬን ሠርቼ ነበር።"

ሜዳው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሊሳንድሮም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ከጉርምስናው ጀምሮ የኖረው ሰው ሊመታው የማይችለውን ኳስ በመወርወር ነበር። ትከሻው አልታዘዝ ሲለው ክለቡ አሰልጣኝ አደረገው። ከአሰልጣኝነቱ ሥራ አንዱ ታዲያ ይኸው ነው፤ የገዛ ቡድኑ መቺዎች እንዲለማመዱ ቀጥ ያለች፣ የምትመታ ኳስ መወርወር። እነሱ ጥሩ ከመቱ እሱ ጥሩ ሠራ ማለት ነው። አይ ሰው፣ የማይለምደው የለም!

ከቅርጫቱ ሌላ ኳስ አንስቶ ቀና ሲል ክው አለ። ከባዶው የተመልካች መቀመጫ መሃል አባቱ ተቀምጠዋል።

ዶን ኤውሴቢዮ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ሜዳው አዘንብለዋል። አምጥቶ ያስቀመጣቸው ባለ ሞተር ሄዷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገዳ ቆርጠው ልጅ ያሳደጉት ሰውዬ፣ የስኳር በሽታ ዓይናቸውን ከወሰደው ወዲህ የልጃቸውን ጨዋታ የሚከታተሉት በጆሯቸው ነው። ኳሷ ከመቺው ጀርባ የሚቆመው ተቀባይ ጓንት ውስጥ ገብታ ጧ ካለች ልጃቸው አሸነፈ፤ ዱላ ካገኛት ልጃቸው ተሸነፈ። አሰልጣኝ መሆኑን አልነገራቸውም። "ዘንድሮስ መቼ ነው የምትወረውረው?" ባሉት ቁጥር "ተራዬ ሲደርስ እነግርዎታለሁ፣ አባባ" እያለ ሸንግሏቸዋል።

"ሊሳንድሮ!" ዮርማን ጮኸ። "እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ? ወርውር!"

ስሙ ሲጠራ ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ለቡድኑ ምርጫ የሚፎካከር መስሏቸዋል።

ወረወረ። ጠው! ዱላው አገኛት። ፈገግታው ጠፋ። ደግሞ ወረወረ፤ ጠው! አባቱ ባርኔጣቸውን ጨበጡ።

ሊሳንድሮ አላስቻለውም። ትከሻው እንደ እሳት እያቃጠለው አንዲት የድሮዋን ኳስ ላካት። ከዱላው ሥር እጥፍ ብላ አለፈች፤ ዮርማን ነፋስ መታ። ግን ምን ዋጋ አለው? ለልምምድ ከመቺው ጀርባ ተቀባይ አይቆምም፤ መረብ ብቻ ነው። ኳሷ መረቡ ላይ ያለ ድምፅ ወደቀች። አባቱ ምንም አልሰሙም።

"ምነው ምነው!" አለ ዮርማን። "ለኔ ነው እንዴ ጉልበት የምታሳየው?"

"ሊሳንድሮ፣ ቀጥ አድርገህ ስጠው!" አለ ዋና አሰልጣኙ ከጥላው ሥር። "ሥራህን ሥራ!"

ሥራውን ሠራ። ጠው። ጠው። ጠው። በያንዳንዱ ምት አባቱ ራሳቸው የተመቱ ያህል ሲሸማቀቁ እያየ ወረወረ። በመጨረሻ ሽማግሌው ተነሱ። መቀመጫውን እየዳበሱ ወርደው የሽቦውን አጥር ያዙ።

"ጌቶቼ!" ብለው ጮኹ። "ልጄን አውጡልኝ! አሞት ነው እንጂ እሱ እንዲህ አይደለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በናታችሁ፣ በቃው!"

የሳቀ የለም። ዮርማን ዱላውን ወደ መሬት አወረደ። ሊሳንድሮ እየሮጠ አጥሩ ዘንድ ደረሰ።

"አባባ።"

"ና ልጄ፣ ኳሷን መልስላቸውና ቤታችን እንሂድ። መመታት ነውር አይደለም።"

"አባባ፣ እንዲመቱልኝ ነው የምወረውረው። ሥራዬ ነው። አሰልጣኝ ሆኛለሁ።"

ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ልጃቸው ድምፅ አዘነበሉ። ከዚያ፣ "መወርወሩስ?" አሉ።

"ቀረ።"

"እኔን ትደብቀኛለህ? አባትህን?"

"እርስዎ እስካላወቁ ድረስ ገና ወርዋሪ ነኝ ብዬ ነዋ። እርስዎ ዘንድ ብቻ ነበር የቀረልኝ።"

አባቱ በሽቦው ቀዳዳ ጣቶቻቸውን አስገብተው ትከሻውን ፈልገው አገኙት።

"ያምሃል?"

"ትከሻውስ ለምዶታል።"

የቆረጡት አገዳ፣ በየሜዳው የተከተሉት ልጅ፣ በየሄዱበት "የወርዋሪው አባት" መባላቸው፣ ሁሉም ፊታቸው ላይ አለፈ።

"በል ሂድ" አሉት። "ሰዎቹን አታስጠብቅ።"

ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ዮርማን ቀና ብሎ ሊያየው አፈረ።

"ጋሼ፣ ለዛሬ ይብቃን መሰለኝ።"

"ያዝ ዱላህን።"

"ኧረ ጋሼ..."

"ምታ አልኩህ!"

በሕይወቱ ከወረወራቸው ሁሉ ቀጥ ያለችውን ኳስ ሰጠው። ዮርማንም በአክብሮት፣ ባለ በሌለ ኃይሉ መታት። ድምፁ ባዶውን ስታዲየም ሞላው፤ ኳሷም ከአጥሩ በላይ ሄዳ ጠፋች።

አንድ ሰው አጨበጨበ። ዶን ኤውሴቢዮ ናቸው፤ እንባቸውን ሳይጠርጉ፣ ኳሷ ወደ ሄደችበት ሳይሆን ልጃቸው ወዳለበት ዞረው፣ ብቻቸውን ያጨበጭባሉ።

ሊሳንድሮ ጎንበስ ብሎ እጁን ቅርጫቱ ውስጥ ከተተ። ቅርጫቱ በኳስ የተሞላ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ አንዷንም ሊያያት አልቻለም።