የልጅ ስም ከነአባቱ

በ1962 ዓ.ም. በጥቅምት ኮልፌ ያለው ክር ፋብሪካ ለሠራተኞቹ አንድ አንድ ቅጽ አደለ። ከደመወዝ ለሚቆረጠው የሥራ ግብር ነው ተባለ። የሠራተኛው ስም፣ ዕድሜ፣ የትዳር ጓደኛ፣ የልጆች ስም ከነአባታቸው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ይመለሳል፤ በውሸት ያስሞላ ይታሰራል።

ብርቅዬ ይህን ስትሰማ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

ባሏ ኃይለመስቀል የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። ፊደል አልቆጠረም፤ እስር ቤትን ግን ከሞት አብልጦ ይፈራል። ከፋሲካ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሳንሱሲ መመላለስ ጀምሯል። አንዲት ሴት ቤት ገብቶ ሲወጣ ያየ ሰው አለ። ብርቅዬ ስታፋጥጠው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ሰው እጠይቃለሁ።»

ሰው! ሰውዬው እዚያ ልጅ ወልዷል፤ ሌላ ምን ይሆናል? ብቻ በገዛ አፉ ይመን። ሽማግሌ ፊት አቁማ ቤቱን ታስፈርድበታለች፤ እሱንም የለበሳትን ካኪ ብቻ አስይዛ ታስወጣዋለች። ሽማግሌዎቹን ከወዲሁ አነጋግራለች፤ አልጋው የሚዞርበትን ግድግዳ ሳይቀር መርጣለች።

እሑድ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴ መልስ ጎረቤታቸው መሸሻ ብዕሩን ይዞ መጣ። የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ የሚጽፈው እሱ ነው። ኃይለመስቀል ጅማ ለመንገድ ሥራ በሄደ ጊዜም የብርቅዬን ደብዳቤ የሚጽፍላት፣ የመጣላትንም የሚያነብላት እሱ ነበር። ብርቅዬ ሚስቱን ዋጋነሽንም ጠርታታለች። ምስክር አንድ አይበቃም።

ልጆቹ ውጭ ይጫወታሉ። ሦስቱ ትልልቆች ናቸው። ትንሿ ጽጌማርያም ኃይለመስቀል ከጅማ በተመለሰ በሰባተኛው ወር ያለ ወሯ የተወለደች ስለሆነች ሁሉም ይሳሳላታል፤ ያዋለደቻት ሴትም ከዚያ ወዲህ ሰፈሩን ለቅቃ ሄዳለች።

መሸሻ የኃይለመስቀልን ስምና ዕድሜ ሞላ፤ የብርቅዬንም ስም ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ጠቀሳት።

«እንግዲህ ልጆች ላይ ደረስን። አምስት መስመር ነው ያለው። ያልተነገረ ልጅ ካለህ፣ ወንድሜ፣ ዛሬ ተናገር። በመንግሥት ወረቀት ላይ መዋሸት ጣጣው ብዙ ነው። ያስጻፈው ብቻ አይደለም፣ የጻፈውም ይጠየቃል።»

«ኧረ እባክህ ኃይለመስቀል፣ ባሌን እንዳታሳስርብኝ!» አለች ዋጋነሽ።

«አላሳስርብሽም። እውነቱን ነው የማስጽፈው።»

«የሚከፋው ሰው ቢኖርም?» አለች ብርቅዬ።

«ቢኖርም።»

ብርቅዬ የዋጋነሽን ጉልበት ጨበጥ አደረገች። ስድስት ወር ሙሉ ስትቃጠል ከርማ ዛሬ አንጀቷ ቅቤ ሊጠጣ ነው። ምስኪን ደግሞ እንዴት ቀስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል! ትንሽ እንኳ አላዘነችለትም።

«አንድ በአንድ ጠይቀኝ፤ የአባቱንም ስም ራሴ ነኝ የምነግርህ» አለ ኃይለመስቀል።

«ምን ያደክምሃል፣ እኔ አላውቀውም?»

«ጠይቀኝ ብዬሃለሁ።»

መሸሻ ሳቀና ብዕሩን አዘጋጀ። «እሺ። አንደኛ?»

«አምሐ። አባት፣ ኃይለመስቀል።»

«ሁለተኛ?»

«አጸደ። አባት፣ ኃይለመስቀል።»

«ሦስተኛ?»

«ተሻለች። አባት፣ ኃይለመስቀል።»

ብርቅዬ አራተኛውን መስመር ዘላ ዓይኗን አምስተኛው ላይ ተከለች። የሳንሱሲው ዲቃላ የሚገባው እዚያ ነው። ወንድ ይሁን ሴት? ስሙንስ ማን ብለውት ይሆን?

«አራተኛ?» አለ መሸሻ።

«ጽጌማርያም። አባት፣ መሸሻ።»